አባባ ገረመው ከመኪና ሥር ያሉት

ባለፈው ነሐሴ ጽጌ ከጣሊያን መጥታ የአባቷን ጋራዥ ስታስከፍት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ቁልፉ ዝጎ እምቢ ስላለ ከብየዳ ቤት ብረት ቆራጭ ጠራን። ሰንሰለቱ ተቆርጦ የቆርቆሮው በር ሲከፈት፣ ስንት ዓመት ታፍኖ የኖረ ሽታ ወጥቶ ፊታችን ላይ አረፈ፤ የተቃጠለ ዘይት፣ ቤንዚን፣ የሻገተ ካርቶን። እኔ አንድ ሽታ ጎደለብኝ። አየሩን ሳብ ሳብ ባደርግም አጣሁት። የብርቱካን ልጣጭ ነበር የጎደለኝ።

ጽጌ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ገባች። ልጇ ኪያራ ግን አልገባችም። ይዞን በመጣው ባጃጅ ውስጥ እጆቿን አጣምራ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀምጣለች። እናቷ ደጋግማ ጠራቻት፤ በጣሊያንኛ አጭር ነገር መለሰች። ጽጌም ወደ እኔ ዞራ እዚህ ድረስ መጥታ የአያቷን የሥራ ቦታ ማየት አትፈልግም ብላ አማረረች። ተያት አልኳት። ለምን እንደማትገባ አውቃለሁ፤ ወይም የማውቅ መሰለኝ። ልጅ ሳለን አንድ ክረምት አብረን ነበርንና።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ቤታችን ታቦር ተራራ ሥር፣ ከአባባ ገረመው ጋራዥ ጥቂት ወረድ ብሎ ነበር። እናቴ ሱቅ ነበራት፤ ሱቋ ውስጥ ደግሞ የሰፈሩ ስልክ። ሞባይል እንደ አሁኑ በየኪሱ አልገባም። ከሩቅ የሚደወልለት ሰው ሁሉ እኛ ዘንድ መጥቶ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እኔ ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ። ማለቴ፣ የለየልኝ። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ጀርባ እገባለሁ። ጎትተው ሲያወጡኝ የቀሚሴን አንገት እነክሳለሁ፤ ስሜን ሲጠይቁኝ በእግሬ አውራ ጣት መሬቱን እቆፍራለሁ። እናቴ በዚህ አትቆጣኝም፤ ኧረ እንዲያውም ትኮራብኝ ነበር። እንግዶቹ "ዓይኗን ሰብራ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት" ይሏታል፤ እሷም ምርቃቱን ለራሷ ትቀበላለች። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልኝ ሆዴ እየጮኸ "ጠግቤያለሁ" እላለሁ። እንደገና እለመናለሁ፣ እንደገና ጠግቤያለሁ። አጥብቆ የሚለምን ሰው ያለበት ቤት እበላለሁ፤ ልመናው ቶሎ የሚያልቅበት ቤት ደግሞ ርቦኝ፣ ተመስግኜ እመለሳለሁ።

አባባ ገረመው መካኒክ ነበሩ። ወጣት ሳሉ ጣሊያኖች መንገድ በሚሠሩበት ካምፕ ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይተዋል፤ ሙያውን የቀሰሙት እዚያ ነው። ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ጽጌ ጣሊያን አገር ሄዳ እዚያው አግብታ ወልዳለች። ብቻቸውን ስለሚኖሩ እናቴ በየቀኑ ምሳ ትልክላቸው ነበር። ምሳውን የማደርሰው እኔ ነኝ። ትምህርት ተዘግቷል፣ የዚያ ክረምት ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ወደ ጋራዥ።

ስደርስ ሁልጊዜ ከመኪና ሥር ናቸው። የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። ጫማውን "አባባ፣ ምሳ" እለዋለሁ። ከሰው ፊት ይልቅ ለጫማ መናገር ይቀለኝ ነበር፤ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም እሳቸውን ያልፈራኋቸው። ካርቶናቸው ላይ እየተንሸራተቱ ይወጣሉ። እጃቸውን በቤንዚን ይታጠባሉ፤ ቀጥለው ከጭማቂ ቤት ያመጡትን የብርቱካን ልጣጭ ጣት በጣት ያሹበታል።

"ቤንዚኑ ቅባቱን ይወስዳል፣ ብርቱካኑ ቤንዚኑን ይወስዳል" አሉኝ አንድ ቀን።

ብርቱካኑንስ ምን ይወስደዋል ብዬ ልጠይቃቸው ፈልጌ፣ አፍሬ ቀረሁ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ሱቃችን መጥተው ጆንያው ላይ ይቀመጣሉ። ስልኩ ይጮኻል፤ ጽጌ ናት። ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ይነጋገራሉ። ከዚያ ጽጌ ልጇን ታቀርብላቸዋለች። በዚህ ጊዜ አባባ እጀታውን በሁለት እጃቸው ይይዙታል፤ ግንባራቸው ላብ ያወጣል። አንድ ቃል አይናገሩም። በዚያኛው ጫፍም ልጅቷ አትናገርም። እኔ ከባንኮኒው ሥር ሆኜ ስመለከት፣ ጣሊያን አገር ሰው በስልክ የሚነጋገረው እንዲህ ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ በትንፋሽ።

አንድ እሑድ እናቴ የልጅ ልጃቸው ምን እንዳለቻቸው ጠየቀቻቸው።

"ደህና ናት" አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። "ትተነፍሳለች።"

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ኪያራ አማርኛ አትችልም። አባባ ገረመው ጣሊያንኛ ይችላሉ ይባላል፤ የሚችሉት ግን የመኪናውን ነው። ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ። እኔ እነዚህ ሁሉ አማርኛ ይመስሉኝ ነበር፤ ጣሊያንኛ መሆናቸውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ የጭነት መኪና ከነሙሉ አካሉ በጣሊያንኛ ፈትተው በጣሊያንኛ ይገጥማሉ። ከዚያ ውጪ የሚያውቁት የካምፑን አለቃ ስድብ ነው፤ እሱን ደግሞ ለልጅ አይሉትም።

ክረምቱ እንደገባ ጽጌ ልጇን ይዛ በነሐሴ እንደምትመጣ ነገረቻቸው። ጆንያው ላይ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ "እሺ" አሉና ስልኩን ዘጉ። በማግስቱ ምሳ ይዤ ስሄድ ከመኪናው ሥር አልወጡም።

"ዝናሽ" አለ ጫማቸው። "እስቲ ቀረብ በይ።"

ቀረብኩ።

"ያቺ ሲስተር ነገ መኪናዋን ልትወስድ ትመጣለች። ‹አታፍሪ፣ እኔም አፍራለሁ› በጣሊያንኛ እንዴት እንደሚባል ጠይቂልኝ።"

በእግሬ አውራ ጣት መሬቱን መቆፈር ጀመርኩ። ከሥር ሆነው እግሬን አይተው ገባቸው።

"እኔማ እንዴት አድርጌ? ሽማግሌ ሰው መነኩሲት አስቁሞ ማፈር አስተምሪኝ ይላል? አንቺ ልጅ ነሽ፤ ያምርብሻል።"

ሲስተር ፒና ሐይቅ ዳር ባለው የሕፃናት ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩት ጣሊያናውያት አንዷ ነበሩ። ትንሽ ነጭ መኪናቸው ከመንገድ ይልቅ የአባባ ጋራዥ ውስጥ ነው የምትኖረው። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ብቻ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነበር የሚሉት። በማግስቱ ሲመጡ አባባ ገረመው ሌላ መኪና ሥር ገብተው ተደበቁ። እኔ የሲስተር መኪና በር አጠገብ ቆሜ የቀሚሴን አንገት መንከስ ጀመርኩ። ሲስተር ጠበቁኝ። ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩና፣

"ምን ሆንክ? ድመት ምላስህን በላችው?" አሉኝ።

በእነሱ አገር ልጅ አልናገር ሲል እንዲህ ይሉታል አሉ። እኔ እውነት መስሎኝ አፌን ግጥም አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጊዜ፣ ድመታችን ካለችበት ክፍል ስተኛ አፌን በአንሶላ እሸፍን ነበር።

በመጨረሻ ጥያቄው እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላስታውስም። ሲስተር ስቀው መኪናቸው ወንበር ላይ ጎናቸው አስቀመጡኝና አስተማሩኝ። ዓይን አፋር ነኝ ማለት ለሴት "ሶኖ ቲሚዳ" ነው፣ ለወንድ "ሶኖ ቲሚዶ"። አፍራለሁ ደግሞ "ሚ ቬርጎኞ"። እኔም ለማለት "አንኪዮ"። ሰው ፊት ዘምር ሲባል፣ ሰው ቤት ብላ ሲባል፣ ቀሚስ ላይ ወጥ ሲፈስ፣ ልጁ ሚ ቬርጎኞ ይላል። እናቱ ወይም ጓደኛው "ኖን ፋ ኒየንቴ" ይለዋል፤ ምንም አይደል ማለት ነው። በጣም ያፈረ ሰው ደግሞ ፊቱ እንደ ቀይ ቃሪያ ይቀላል አሉኝ፤ ሮሶ ኮሜ ኡን ፔፔሮኔ። የእኛ ሰዎች ፊት ሲቀላ አይቼ ስለማላውቅ የጣሊያን ልጆች አሳዘኑኝ። መደበቅ አይችሉማ። እኛ ሲያሳፍረን መሬት ተከፍታ ብትውጠን ደስ ይለናል ስላቸው፣ እነሱም እንደዚያው እንደሚመኙ ነገሩኝ። በዚህ በጣም ተደሰትኩ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝ አለ። የሚያፍር ሰው አፍራለሁ ብሎ ከተናገረ ምኑን አፈረ? በእኛ ቤት ማፈር የሚታየው በዝምታ ነው። ዓይን ይሰበራል፣ ጥፍር ይነከሳል፣ ሰው አይቶ ያውቃል። አፍ አውጥቶ መናገር ዓይን አውጣነት መሰለኝ። ይህንኑ ለአባባ ስነግራቸው እንጀራውን እንደያዙ አሰቡ።

"የሚጮህ ብልሽት ደግ ነው" አሉኝ። "ሰምተሽ ትጠግኚዋለሽ። ዝም ብሎ የኖረው ነው ዳገት ላይ ጉድ የሚሠራሽ።"

ልምምዱ የተጀመረው ያን ቀን ነው። ፊት ለፊት ተቀምጠን ሞከርነው፤ አልሆነም። እሳቸው ገና "ሚ" ሲሉ ሳቅ ያመልጠኛል፣ እሳቸውም ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ስለ ወጡ ያወራሉ። አንድ ቀን ከመኪና ሥር ሆነው ብሎን ሲያስሩ፣ ካቻቢቴ እንዳቀብላቸው የጠየቁኝ መስሎኝ ዝቅ ስል ድምፃቸውን ሰማሁ።

"ሚ ቬርጎኞ አንኪዮ፣ ኪያሬታ። ኖን ፋ ኒየንቴ።"

ዝርግፍ አድርገው፣ ሳይደናቀፉ። ኪያሬታ ማለት ኪያርዬ እንደማለት ነው፤ ያንን ከሲስተር አልተማርንም፣ ከየት እንዳመጡት እንጃ። አጨበጨብኩ። ከዚያ ወዲያ ልምምዱ በዚህ መልክ ሆነ። እሳቸው ከሥር፣ እኔ ከላይ ጎማው ላይ ተደግፌ። ከመኪና ሥር ሆነው ያልተናገሩት የለም። ስለ ሚስታቸው ተናግረዋል። ጽጌ ስትሄድ ሸኝተዋት ሳይስሟት እንደተመለሱ፣ ሰው ፊት ማልቀስ አሳፍሯቸው እንደሆነ ነግረውኛል። ሲወጡ ግን ያው ዝምተኛው ሰውዬ ናቸው፤ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ብርቱካን ያሻሉ።

አንድ ነገር አስማሉኝ። "ይህቺ ቃል የእኔ ናት። አንቺ ቀድመሽ ለኪያራ እንዳትነግሪያት። ከእኔ አፍ ትስማት።"

በእናቴ ሞት ብዬ ማልኩ።

እንግዶቹ በቀጠሮው ነሐሴ መጡ። የአባባ ግቢ በር ላይ ከመኪና ስትወርድ ኪያራ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሳ ነበር። ፀጉሯ ጥቅልል፣ ዓይኗ መሬት ላይ። እናቷ ገፋ ስታደርጋት "ቻው" አለች በቀጭን ድምፅ። በእነሱ አገር ሲገናኙም ቻው እንደሚባል ስለማላውቅ፣ ገና ሳትገባ መሄዷ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያም እናቷ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ቀበረች። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። አባባ ገረመው በረንዳው ላይ ኮታቸውን ለብሰው እጃቸውን አንዴ ኪስ ይከቱታል፣ አንዴ ያወጡታል። ሦስታችንም እዚያው ደርቀን ቀረን። ጎረቤቱ ግን ልጅቷ እንደ ነጭ ልጅ አትቀብጥም፣ ጨዋ ናት ብሎ ወደዳት።

ቃሏ ያን ቀን አልተባለችም። በማግስቱም። "ትንሽ ትልመደኝ" አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ነበር። እናቴ ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ትኩስ ዓሣ አስመጥታ ጠበሰች፤ ጎረቤት ተጠራ። ከትልልቆቹ ጋር ከገበታው ዳር እኔና ኪያራን ጎን ለጎን አስቀመጡን። እኔ እንደ ልማዴ ጠግቤያለሁ አልኩ። ኪያራም ሳህኗን አልነካችም። አባባ ገረመው ይህን ሲያዩ አንድ ዓሣ ወደ ፊታቸው ሳቡና አጥንቱን መልቀም ጀመሩ። እንዴት እንደለቀሙት አልረሳውም። የካርቡራተር ትንንሽ ብሎኖች እንደሚፈቱ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ አንድ በአንድ። ከዚያ በእንጀራ ጠቀለሉት። ገበታውን ተሻግረው ጉርሻውን ወደ ኪያራ አፍ ዘረጉ። ሰው ሁሉ ወሬውን አቁሞ አየ።

ኪያራ ጉርሻ ምን እንደሆነ አታውቅም። ያኔ እሷን ሆኜ፣ የማላውቀው ሽማግሌ እጅ ወደ አፌ ሲመጣ ታየኝ። እጁን አየች፣ ከዚያ ፊቷን አዙራ በእናቷ ብብት ገባች።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጉርሻ ሲመለስ ያየ ሰው ያንን ጊዜ ያውቀዋል፤ አጭር ነው፣ አያልቅም። እናቴ "ልጅ ናት፣ ልጅ ናት" አለች። ኪያራ እናቷ ጆሮ ላይ አንድ ነገር አንሾካሾከች። ጎኗ ስለነበርኩ ሰምቻታለሁ። "ሚ ቬርጎኞ" ነው ያለችው። ያቺው ራሷ ቃል። አባባ ገረመውን አየኋቸው፤ አልሰሙም። የሞተር ጩኸት ስንት ዓመት ጆሯቸውን በልቶታል። በትልቅ ሰው ገበታ ላይ ልጅ አይናገርም፤ ዓይኔን ሰብሬ ሳህኔን አየሁ። አባባ ጉርሻውን ቀስ ብለው ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ባለመኪናው እየጠበቃቸው እንደሆነ ተናግረው ወጡ። ማንም የሚጠብቃቸው አልነበረም።

በማግስቱ ምሳቸውን ይዤ በሩጫ ሄድኩ። ከመኪና ሥር አልነበሩም። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብለው እጃቸውን እያሹ ነው። መሬቱ በብርቱካን ልጣጭ ተሞልቷል። በጥፍራቸውና በቆዳቸው መሐል ያለው ጥቁር መስመር ግን የዕድሜ ልክ ነው፤ በልጣጭ አይወጣም።

"እጄን አይታ ነው" አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።

"አይደለም አባባ፣ ሰምቻታለሁ። ሚ ቬርጎኞ ነው ያለችው። አፍራ ነው እኮ።"

ቀና ብለው አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ በድፍረት ተናግሬ አላውቅም ነበር። ፈገግ አሉና ራሴን በክርናቸው ነካ አደረጉኝ፣ እጃቸው እርጥብ ስለነበር።

"አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ" አሉኝ። "ሰው ሲከፋው ማጽናናት ታውቂያለሽ።"

"እውነቴን ነው።"

"ይሁን፣ ይሁን። ምሳውን እዚያ አድርጊልኝ።"

አላመኑኝም። ጠግቤያለሁ ስል ርቦኝ እንደሆነ የሚያውቅ ሰፈር ውስጥ፣ እውነት ስናገርም ለጨዋነት መሰላቸው። ይኼ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ጋራዥ ውስጥ መሽገው ቀሩ። ጠዋት እንግዶቹ ሳይነሡ ይወጣሉ፤ ሲገቡ ድካም ነው እያሉ ይተኛሉ። ጽጌ እናቴ ዘንድ እየመጣች አለቀሰች። አባቷ ልጇን ገና አልተቀበሉላትም፣ የፈረንጅ ልጅ መሆኗን አልወደዱትም አለች። ይህን ወስዳ ለአባቷ መንገር ግን አልሆነላትም። እሷም የሳቸው ልጅ ናት። እኔና ኪያራ በረንዳው ላይ ዝናቡን እያየን እንውላለን። ድንጋይ ስሰጣት ትወስዳለች፤ ቅጠል ስትሰጠኝ እወስዳለሁ። ብዙ ጊዜ ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ ትመጣና መሐላዬ ትዝ ይለኛል። ቃሏ የእኔ አይደለችም።

የሚሄዱበት ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ግቢው በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ቆመ። ዕቃ እየተጫነ ነው። አባባ ገረመው መጡ። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ የብርቱካኑ ሽታ ከሩቅ ይሰማል። ኪያራ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ አየቻቸው። እሳቸውም አዩአት። ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ከዚያ አንድ ካርቶን መሬት ላይ ጣል አደረጉና ከነኮታቸው ከመኪናው ሥር ገቡ።

ሹፌሩ ተናደደ። "አባቴ፣ ተመርምሮ ነው የመጣው፣ ምንም የለበትም" እያለ ጮኸ። እኔ ሮጬ የኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ሞተሩ እየጮኸ ነው፤ ከላይ ዕቃ ይወረወራል፤ ሴቶቹ ይሰነባበታሉ። ከሥር ግን ድምፃቸው ጥርት ብሎ መጣ።

"ሚ ቬርጎኞ አንኪዮ፣ ኪያሬታ። ኖን ፋ ኒየንቴ።"

ልክ በእሷ መቀመጫ ትክክል ተኝተው ነበር። በመካከላቸው የነበረው የመኪናው ወለል ብቻ ነው።

ወጡ። ጭቃቸውን አራገፉ። መስኮቱ ሥር ያለውን ጎማ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና፣ ቀና ሳይሉ፣ "ጎማ ቡዎና" አሉ። ጥሩ ጎማ ነው ማለት ነው። ሚኒባሱ ሄደ። አባባ ገረመው ካርቶናቸውን አጥፈው በብብታቸው ያዙ።

"ሰማች?" አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ፤ አዎ ይሁን አይደለም፣ ለእኔም አልለየልኝም። ሳያዩኝ መንገዱን ይዘው ሄዱ።

ጽጌ በቀጣዩ ዓመት አልመጣችም። ከዚያም በኋላ አልመጣችም። እሑድ እሑድ ስልኩ ይጮኻል፤ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ይነጋገራሉ። ልጅቷ ግን አትቀርብም፤ እሳቸውም አቅርቢልኝ አይሉም። አንድ ክረምት ታመሙ፣ አልተነሡም። እኔ ምሳ ማድረሴን እስከዚያ ድረስ አላቋረጥኩም ነበር። ከመኪና ሥር ሆነው ግን ስለ ሰው አላወሩኝም፤ ስለ ብሎን ብቻ።

እንግዲህ ባለፈው ነሐሴ፣ ጽጌ ጋራዡን እያየች ሳለ፣ ሄጄ ባጃጁ ውስጥ ኪያራ አጠገብ ተቀመጥኩ። ረዥም፣ መልከ መልካም ሴት ሆናለች። ባለባጃጁ ጫት የሚመስል ነገር አፉ ውስጥ ይዞ በመስተዋቱ ያየናል። ኪያራ እናቷ የምትለውን አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገረው ግን እንደ ሕፃን ነው። አያትሽ ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

"አያቴ እኔን አልወደደም" አለች። "እኔ ስሄድ እሱ ጎማ ነው ያየ።"

እጄ ወደ ቀሚሴ አንገት ሄደ። ይኸው ትልቅ ሰው ሆኜም። ስንት ዓመት ያልተናገርኩት ቋንቋ ነው፤ ከዚያ ቋንቋ ያለኝም አንድ እፍኝ ቃል ነው።

"ሚ ቬርጎኞ" አልኳት መጀመሪያ። ስለ ራሴ ነበር።

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጄ። ከመኪና ሥር የሚለው አልገባት አለ። ብደጋግመውም አልገባትም። ስለዚህ ወረድኩና የባጃጁ ጎማ አጠገብ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ጎንበስ ብዬ ጭንቅላቴን ከባጃጁ ሥር አስገባሁ።

"እናቴ፣ ምን ወደቀብሽ?" አለ ባለባጃጁ። "በኋላ ሰው ገጨህ እንዳልባል።"

አላፍር አልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያው ከሥር ሆኜ፣ አባባ ገረመው ባሉበት ዜማ፣ "ሚ ቬርጎኞ አንኪዮ፣ ኪያሬታ። ኖን ፋ ኒየንቴ" አልኩ።

ስነሣ ኪያራ ከባጃጁ ወርዳ ቆማለች። መጀመሪያ አንገቷ፣ ከዚያ ጉንጯ፣ ከዚያ ጆሮዋ ድረስ ቀላ። ሲስተር ፒና ያሉኝን ቃሪያ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችና በጣቶቿ መሐል "ኪያሬታ?" አለች። "ኪያሬታ አለ?"

"አዎ" አልኳት። "ኪያሬታ አሉሽ።"

ብቻዋን ወደ ጋራዡ ገባች። እኔ በር ላይ ቀረሁ። ግድግዳው ሥር የተደገፈውን ካርቶን በጣቷ ስትነካው አየኋት።

ምሳ እኔ ቤት ነበር። ዓሣ ሠርቼ ነበር፤ ሆን ብዬ ይሁን አጋጣሚ እኔም አላውቅም። አጥንቱን ለቅሜ፣ በእንጀራ ጠቅልዬ፣ ገበታውን ተሻግሬ እጄን ዘረጋሁ። ጽጌ እጄን አየች፣ ልጇን አየች። ኪያራ እንደገና ቀላች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

ጎረሰች። ቀስ ብላ አላመጠች። እጁ ግን የእኔ ነበር።